«ማን ሠራው?»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ በእናንተም ቤት ሳይነሣ እንደማይቀር እገምታለሁ። እኛ ዘንድሮ ጎንደር ሄድን። ፋሲል ግቢን አየን፣ የአፄ ፋሲል መዋኛን አየን፣ ጥሩ ቡና ጠጣን፣ ተመለስን። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን በጉዞው ሁለተኛ ቀን ጠዋት የስምንት ዓመት ልጄ ስለጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የፈለገው ቢሾፍቱ ሄዶ መዋኘት ነበር። «ታሪካዊ ቦታ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለእሱ የቤት ሥራ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛው ካልፈለገ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአቀራረቡ ነው ብለን ነው የተማርነው። ስልኬን አውጥቼ የፋሲልን ግንብ ፎቶ አሳየሁት። «አየህ? ልክ እንደ አውሮፓ! ፊልም ላይ የምታየው ዓይነት የንጉሥ ቤት፣ እኛ አገር አለ» አልኩት። ዓይኑ በራ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸጥኩለት። ባለቤቴም «ጎበዝ ነሽ» አለኝ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ የአፄ ፋሲል ግንብ ሥር ቆመን ልጄ አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አራቱን ክብ ማማዎች በጣቱ ቆጠረ። ቀጥሎ ዞር ብሎ «እማ፣ ይሄን ፈረንጆች ናቸው የሠሩት?» አለኝ።

ምን መለስኩለት መሰላችሁ? ዝም አልኩ። ለካ ስሸጥለት «እንደ አውሮፓ» ያልኩትን ልጁ በትክክል ሰምቶኛል። እንደ አውሮፓ ከሆነ የአውሮፓ ሰዎች ሠርተውት ይሆናል። ምን ስሕተት አለው?

የምናመሰግንበት መንገድ

ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በቱሪዝም ጽሑፎች ላይ ጎንደርን «የአፍሪካ ካሜሎት» ሲሏት ሳታነቡ አልቀራችሁም። ካሜሎት የእንግሊዞች የንጉሥ አርተር ተረት ውስጥ ያለ ቤተ መንግሥት ነው። በእጅ የሚዳሰሰውን ግንብ፣ በተረት ብቻ ባለ ግንብ ነው የምናስተዋውቀው ማለት ነው። በሙያዬ እንዲህ ዓይነቱ ንጽጽር ለምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ነገር ትነግረዋለህ። ለውጭ ቱሪስት ምንም አይደለም። ለገዛ ልጃችን ስንናገረው ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል። የእኛ ነገር ትልቅ የሚሆነው የሌላውን ሲመስል ነው ብለን እያስተማርነው ነው።

የልጄ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። የሚያነባቸው ተረቶች ውስጥ ያሉት ነገሥታት ሁሉ በረዶ በሚጥልበት አገር ይኖራሉ። እኔም ከፍዬ ነው የማስተምረው፤ ማንንም መውቀስ አልችልም።

ዝም ማለቴን ያየው አስጎብኚያችን ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ የከተማው ሰው ናቸው። «ቆይ እስቲ፣ የኔ ጌታ» አሉና ልጄን በእጁ ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። «ንካው። ይሄ ጥቁር ድንጋይ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ልጄ ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዚሁ። ዙሪያህን ያለው ተራራ ሁሉ ይሄው ድንጋይ ነው። ይሄ በመካከሉ ያለው ነጩስ?» አያውቅም። «ኖራ ነው። ድንጋይ ተቃጥሎ የሚወጣ ማጣበቂያ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና «ጥያቄው ጥሩ ነው እኮ፤ ትልልቆቹም ይጠይቁታል» አሉኝ።

ታዲያ ማን ሠራው?

ከእሳቸው የሰማሁትን፣ በኋላም ሆቴል ገብቼ ካነበብኩት ጋር አገናኝቼ ላካፍላችሁ። ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ እንደ እኔ ዝም እንዳትሉ። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

አፄ ፋሲለደስ የነገሡት በ1632 ነው። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ተሰብከው የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ስለነበር አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ደም ተቃብታ ነበር። ሱስንዮስ በመጨረሻ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲለደስ ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ በ1636 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚባለው ግንብ የቆመው ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላ፣ ባባረሯቸው ንጉሥ ዘመን ነው።

በዚህ ግን ነገሩ አያልቅም። አስጎብኚያችንም ለልጄ «እኛ ብቻችንን ሠራነው» አላሉትም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራ ግንብ አለ፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። በሱስንዮስ ዘመንም በጣና አካባቢ በድንጋይና በኖራ ይገነባ ነበር፤ ከሚሲዮናውያኑ ጋር የመጣ ዕውቀት እዚያ ውስጥ አለ። ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች እጅ እንዳለበትም ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በሥነ ሕንፃው ላይ የሕንድና የዓረብ፣ የአውሮፓም ተጽዕኖ መኖሩን ገልጿል። ዘመኑ መርከብ ከሕንድ ወደ ምጽዋ የሚመላለስበት ዘመን ነው። ንጉሡ ከየትም የመጣውን ጥበብ ወስደው፣ የራሳቸውን ቤት፣ በራሳቸው ድንጋይ፣ በራሳቸው ከተማ አሠሩ።

ሌላም የግንበኞች ወገን አለ፤ እኔ በበኩሌ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም። ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በጎንደር ዙሪያ የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ነገሥታቱም ለግንባታ ያሠማሯቸው ነበር። ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ ያለችው ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። ዛሬ ዘሮቻቸው በአብዛኛው እስራኤል ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አስጎብኚያችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔና ለባለቤቴ የነገሩንን ልንገራችሁ። «ግንቡን እናደንቃለን፤ የሚሠራውን ሰው ግን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ስንል ነው የኖርነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። በልጅነቴ ሰፈር ውስጥ «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ እኔም ተሳድቤበታለሁ። ምናልባት «ፈረንጅ ነው የሠራው» የሚለው ወሬ በቀላሉ የተቀበልነው ለዚህም ይሆናል። ሠሪውን ከናቅን ሥራውን ለሌላ መስጠት አይከብደንም።

ልጄ ይሄን ሁሉ አልሰማም። ቀጥሎ የጠየቀው ሌላ ነበር፦ «ግንበኞቹ ስማቸው ማን ነው?»

አስጎብኚያችን ትንሽ ዝም አሉ። «የንጉሡ ስም ተጽፏል። የእነሱ አልተጻፈም» አሉት።

«ለምን?»

ይህችኛዋን ማናችንም አልመለስናትም።

በሮቹን ጠይቁ

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግቢውን ሁሉ ለማዳረስ አትሞክሩ። ስፋቱ 7 ሄክታር ገደማ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ አጥር ብቻ ወደ 900 ሜትር ይረዝማል። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሦስተኛው ግንብ ላይ ስትደርስ «ሌላ ድንጋይ ማየት አልፈልግም» ብላ ቁጭ አለች። እውነቷን ነው።

ያዳነን የበሮቹ ጨዋታ ነው። አጥሩ 12 በሮች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ወምበር በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ አደናግር በር፣ እርግብ በር… ስሙን ትነግሯቸዋላችሁ፤ በዚያ በር ማን ይገባ እንደነበር እነሱ ይገምታሉ። ወምበር በር የዳኞቹ ነው። ባልደራስ በር የፈረስ ኃላፊዎቹ። እምቢልታ በር የሙዚቀኞቹ። አደናግር በር የፈታዮቹ። ልጄ «አደናግር» የሚለውን «የሚያደናግር ሰው የሚገባበት» ብሎ ገመተ፤ ሁላችንም ሳቅን። በዚህ ጨዋታ ግን አንድ ነገር ገባው። እዚያ ውስጥ የኖረው ንጉሥ ብቻ አይደለም። የሚፈርድ፣ ፈረስ የሚጠብቅ፣ የሚነፋ፣ ጥጥ የሚፈትል ሰው ነበረ። ስማቸው ባይጻፍም በራቸው ተሰይሟል።

ከግንቦቹ ውስጥ ለልጆች ሦስቱ ይበቃሉ። የመጀመሪያው የአፄ ፋሲል ግንብ ነው፤ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ሲሆን ሰማዩ ጥርት ሲል ከላይ ጣና ይታያል ይባላል። ሁለተኛው የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ግንብ ነው። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያ የለውም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ከተማዋን ይዞ የነበረውን የጣሊያን ጦር ለማስለቀቅ እንግሊዞች ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። ለልጆች ይህ ከሁሉም ይገርማል፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ታሪኩን በዓይናቸው ያዩታል።

ሦስተኛው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ነው። ሴት ልጅ ካላችሁ እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ምንትዋብ በ1730 ዘውድ የጫኑ፣ በልጃቸው በኢያሱ ዳግማዊ ዘመን አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእርጅናቸው ዘመን አግኝቷቸዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቁስቋምም የእሳቸው ሥራ ነው። «ድንጋይ ማየት አልፈልግም» ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ ተነሥታ «የሷ ክፍል የቱ ነው?» አለች።

ዛፍ ሥር መቀመጥ

ከሰዓት በኋላውን ለአፄ ፋሲል መዋኛ ተዉት። ከመሀል ከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ባጃጅ ይዛችሁ ትደርሳላችሁ። እኛ በግቢው ትኬት ነው የገባነው፤ ስለዚህ የቆረጣችሁትን ትኬት አትጣሉት።

ይህ ቦታ ግንብ ከማየት በላይ የዕረፍት ቦታ ነው። በአጥር የተከለለ ሰፊ ግቢ ነው፤ መሀሉ ላይ የተቆፈረ ትልቅ ገንዳ አለ፤ በገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቆሟል። ወደ ቤቱ የሚያስገባው ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነው። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበትና ጥር 11 ማለዳ ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ሁሉ ዘሎ ይገባል። ለበዓሉ ከሄዳችሁ ማረፊያችሁን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ሕዝቡ እጅግ ብዙ መሆኑን አስቡበት።

በአዘቦቱ ቀን ስትሄዱ የምታገኙት ዛፎቹን ነው። የዕድሜ ጠገቦቹ ዛፎች ሥር ከአጥሩ ላይ ወርዶ፣ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዟል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ዛፉ ግድግዳውን ያፍርሰው ወይስ ደግፎ ያቁመው ለመለየት ያስቸግራል። ወፎች ይንጫጫሉ። ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ንጉሡ ይወዱት ለነበረ ዞብል ለተባለ ፈረስ መታሰቢያ ነው የሚባል ትንሽ ሕንፃ አለ፤ ልጆቹ ከሁሉም በላይ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

እዚያ አንድ ዛፍ ሥር ነጠላ አንጥፈን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እኔ በልማዴ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሣ ስል ልጄ ሥሩን እየነካ ነበር። ለፎቶው ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደምጽፍ እያሰብኩ ነበር። «ልክ እንደ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ፎቶውን አነሣሁ፤ ምንም አልጻፍኩበትም።

ለጉዞው የሚረዱ ነገሮች

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ለመሄድ ካሰባችሁ ስለ መንገዱ ሁኔታ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ግቢውን ጠዋት በማለዳ ጎብኙት። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ለስላሳ ነው፤ የቀትር ፀሐይዋ ግን ትለበልባለች። ባርኔጣና ውሃ ያዙ።

ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር። ደረጃዎቹ ያረጁ፣ ሰገነቶቹም በየቦታው መከለያ የሌላቸው ስለሆኑ የትንንሾቹን እጅ አትልቀቁ። አያት ይዛችሁ ከሆነ ጉልበታቸውን አስቡ፤ ሜዳው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠውም ብዙ ያያሉ።

ነጠላ አትርሱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳታዩ አትመለሱ፤ ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ቀና ብለው የሚያዩትን ልጆች ዝም ያሰኛሉ። ጫማ ማውለቅ ስለሚያስፈልግ ንጹሕ ካልሲ ይኑራቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ብቻችንን ብንገባ ኖሮ፣ የልጄ ጥያቄ ያለ መልስ ይቀር ነበር። ወይም ደግሞ እኔ «አይ፣ እኛው ነን የሠራነው» ብዬ በአንድ ቃል እዘጋው ነበር።

ከተመለስን በኋላ

ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሯ ስለ ዕረፍት ጊዜያቸው እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ልጄ በእንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ስለ ዞብል አራት መስመር፣ ስለ ቦምቡ ሦስት መስመር። ስለ ንጉሡ አንድ መስመር። ከታች ግን የግንቡን ሥዕል ሥሎ አጠገቡ ትንንሽ ሰዎች ደርድሯል፤ ድንጋይ የተሸከሙ፣ መሰላል ላይ የወጡ። ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ መስመር አስምሮ ባዶ ትቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስማቸው። የምናውቅ ጊዜ እጽፈዋለሁ» አለኝ።

ወረቀቱ አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ምን እንደጠየቋችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።